የአልሚዎች ማኅበር ምዝገባ

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ አስታውሰዋለሁ ብዬ ለመማል አልደፍርም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከሚያስታውሰው ይልቅ የጎደለውን ሞልቶ የሚተርከው ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ባልተማመንሁበት ቦታ ሁሉ አልተማመንሁም እያልሁ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ግን አልጠራጠርም። ያን ክረምት ያሳለፍሁት በንዴት ነው፤ ንዴቱም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

ነገሩ የሆነው በቀድሞው መንግሥት ዘመን፣ ወደ መገባደጃው ገደማ ነው። እኔ በወጣትነቴ ውጭ አገር ሒሳብ ተምሬ ተመለስሁ፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩ አንድ ሙሉ ክፍል በሚይዝበት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ወልቂጤ ገባሁ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምር ነበር። ካስተማርኋቸው መካከል አንዲት የቡታጅራ ልጅ ነበረች። ተመርቃ ወደ ከተማዋ ስትመለስ ለመድኃኒት ቤቶችና ለመለዋወጫ ሱቆች የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠራች፤ ምን እንደገባ፣ ምን እንደተሸጠ፣ የየትኛው መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜ ሊያልፍ እንደተቃረበ የሚያሳይ፣ ከራስ እስከ ጅራቱ በአማርኛና በእኛው የዘመን አቆጣጠር የሚሠራ። መጀመሪያ የቡታጅራ ሱቆች ወሰዱት፤ ቀጥሎ ቡኢ ገባ፤ ከዚያ አገና፤ በመጨረሻም ወልቂጤ ደረሰ።

ሶፍትዌሩ በተስፋፋ ቁጥር የልጅቱ ስልክ ዕረፍት አጣ። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ ለእርሷ ይደወላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ አልነሣ ካለ ለእርሷ ይደወላል። አንዱ ባለሱቅ የይለፍ ቃሉን በረሳ ቁጥር ይደውልና «እስቲ ያንን ነገር አስታውሺኝ» ይላታል፤ እርሷ ታውቀው ይመስል። አንድ ቀን ቤቷ ተጋብዤ ምሳ ቀርቦልን፣ እኔ በልቼ እጄን እስክታጠብ ድረስ እርሷ አንድ ጉርሻ እንኳ እንዳልቀመሰች አይቻለሁ።

ታላቅ ወንድሟ የመርካቶ ነጋዴ ነው። ሕንፃው ላይ ክፍል አዘጋጅቶላት፣ ሥራውን ከነስልኩ ይዛ እንድትመጣ ይጎተጉታት ነበር። በመጨረሻ ቀን ቆረጠላት፤ ዓረፋ። ለዓረፋ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ቤት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው እርሷን ሳይጨርሳት የሚሄድበትን መላ ካሳየችው ትቀራለች፤ ካላሳየችው ይዟት ይመለሳል።

«መምህር፣ ከዚህ የተማረ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው» አለችኝ። «እኔ መቅረት ነው የምፈልገው። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ ዝም ብዬ መቅረት።»

መላ ያልነው ነገር ሁላችንንም የሚያገናኝ የኢንተርኔት ሥፍራ ነበር። ባለሱቆቹ የሚጠይቁትን አንድ ቦታ ላይ ይጽፋሉ፤ መልሱን የሚያውቅ ሌላ ባለሱቅ ይመልስላቸዋል፤ በሁለቱ ከተሞች ያሉ ወጣት ፕሮግራመሮች ደግሞ አንዱ የሌላውን ችግር እያየ ይረዳዳሉ። ወልቂጤና ቡታጅራ አንድ ዞን ናቸው ቢባልም በመካከላቸው ተራራ አለ፤ ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ በክረምት አይታመንም፤ ብዙ ሰው በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድ ይቀለው ነበር። እንዲህ ላለ አገር ኢንተርኔት የታዘዘ መድኃኒት መሰለኝ። የቀረው የትኛውን ዓይነት ሥፍራ እንደምንጠቀም መምረጥ ብቻ ነው አልን። «ብቻ» ማለታችንን በደንብ አስታውሳለሁ።

ሦስት አማራጮች ነበሩን፤ ወይም ዛሬ ሦስት ይመስሉኛል።

የመጀመሪያው ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የሚከፍተው ማኅበራዊ ገጽ ነው። ልጅቱ የፈለገችው እርሱን ነበር። «ሰዉ ያለው እዚያ ነው መምህር። ባለመድኃኒት ቤቱ ሱቁን ሳይከፍት እሱን ይከፍታል።» እኔ ሁለት ነገር ተቃወምሁ። አንደኛ፣ እዚያ ዛሬ የተጻፈ ነገ ወደ ታች ወርዶ ይሰወራል፤ ያው ጥያቄ በየሳምንቱ አዲስ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ስልኩን በጽሑፍ መለወጥ እንጂ መላ አይደለም። ሁለተኛውን ምክንያት ድምፄን ቀነስ አድርጌ ነው የተናገርሁት። ሰው ሙሉ ስሙን፣ ፎቶግራፉንና ወዳጆቹን አንድ ላይ ያሰፈረበት ገጽ ማን ጋ እንደሚደርስ በዚያ ዘመን አይታወቅም፤ እኔ ደግሞ ሦስት መንግሥት ያየሁ ሰው ነኝ።

ሁለተኛው ጥያቄና መልስ ብቻ የሚስተናገድበት፣ ጥሩውን መልስ አንባቢው ወደ ላይ፣ መጥፎውን ወደ ታች በሚያመለክት ቀስት የሚመዝንበት ሥርዓት ነው። በዓለም ላይ ያሉ ፕሮግራመሮች እንዲህ ዓይነቱን ይወዱታል፤ እኔም ወድጄው ነበር። ሦስተኛው በነፃ የሚገኝ የፎረም ሶፍትዌር ወስዶ በራሳችን ሰርቨር ላይ መትከል ነው፤ እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፤ የተጻፈ አይጠፋም፤ የፈለገ ፈልጎ ያገኘዋል።

ከግንቦት ጀምሮ እነዚህን ስመረምር ከረምሁ። ረዘም ያለ ጥናት ጻፍሁ። በኮሌጁ ኔትወርክ የሚያስተምር የአገና ሰው ባልደረባ ነበረኝ፤ ሰርቨሩን እንዲተክልልን ለምነነው እሺ ብሎ ነበርና ጥናቱን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ሚስት ሲያገቡም እንዲህ አጥንተው ነው?»

«እርሷ ናት ያጠናችኝ።»

«ታዲያ ይኸው አለፉ። ይህኛውም ያልፋል፤ እንትከለው።»

እኔ ግን ሳልሞክር አልመርጥም አልሁ። ባለቀስቱን ሥርዓት ለተማሪዎች ከፈትንላቸው። ባልደረባዬ በተንኮል ተነሣና በእኔ ስም ፍጹም የተሳሳተ መልስ ጻፈ፤ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚስቅበት ዓይነት ስሕተት። ከዚያ ጠበቅን። ቀስቱን ወደ ታች የተጫነ አልተገኘም። ይልቁንም ብዙዎቹ ወደ ላይ ተጫኑ፤ አንዱማ «እናመሰግናለን መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልን» ብሎ ጻፈበት።

«ጋሼን ተሳስተዋል ብሎ ወደ ታች የሚጫን ልጅ ወልቂጤ ውስጥ አልተወለደም» አለ ባልደረባዬ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አንዱን ተማሪ ጠርቼ መልሱ ስሕተት መሆኑን አላየኸውም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አይቼዋለሁ መምህር» አለ። «ታዲያ ለምን ወደ ታች አልተጫንህም?» ሲጨንቀው አየሁት። «እንዴት አድርጌ እርስዎን ወደ ታች?» አለኝ። ያ ሥርዓት በዚያ ተሰናበተ፤ የተረፈው ሦስተኛው ሆነ።

ፎረሙን በአማርኛ ማዘጋጀት ሌላ ጣጣ ነበር። ፈረንጅ ሁሉን ሰው በአንድ ቃል «ግባ» ይለዋል። እኛ ግን ገና በሩ ላይ ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ ማወቅ ሊኖርብን ነው። ልጅቱ «ግባ» ይበል አለች፤ አጭር ነው፤ የስልክ አዝራር ላይ ይገባል። ባልደረባዬ ደግሞ «ራስሽ ልትገቢ ስትይ ግባ ሲልሽ ደስ ይልሻል?» አላት። እኔ «ይግቡ» መሆን አለበት ብዬ ድርቅ አልሁ። በዚህ ላይ የሄደውን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ያመኛል፤ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ነገር በአክብሮት ሆነ። ይግቡ፣ ይጻፉ፣ ይፈልጉ፣ ይመዝገቡ።

ስሙ ቀረ። እዚህ ላይ ትውስታዬን አላምነውም። ፕሮግራመር በእንግሊዝኛ የሚጠራበት አዲሱ ቃል፣ «ዴቨሎፐር»፣ በአማርኛ «አልሚ» ተብሎ እንደሚተረጎም አውቅ ነበር፤ በመዝገበ ቃላትም በጽሑፍም ያየሁት ትክክለኛ ቃል ነው፤ ዛሬም ትክክለኛ ቃል ነው እላለሁ። ነገር ግን ስብሰባው ላይ ቃሉን መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ልሁን እርሷ አልለየውም። በእኔ ትውስታ እርሷ «ፕሮግራመር ብንልስ?» ብላ እኔ «አልሚ» አልሁ። በባልደረባዬ ትውስታ እርሷ እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብላ ራሷ «አልሚ» አለች። «ማኅበር» የሚለውንማ ማን እንዳመጣው ሦስታችንም አናውቅም። ሰዎች ተሰባስበው የሚረዳዱበት ነገር በአማርኛ ማኅበር ነው፤ ማንም ሊያመጣው ይችላል። ስሙ በሙሉ «የሶፍትዌር አልሚዎችና ተጠቃሚዎች ማኅበር» ነበር። በስልክ ሲከፈት በገጹ ራስጌ ላይ አልገባ ሲል ባልደረባዬ አሳጠረውና «የአልሚዎች ማኅበር» ሆነ፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሶፍትዌር» የሚል ቀረ። ከዚያ በታች ትልቅ አረንጓዴ አዝራር፤ «ይመዝገቡ»።

በነሐሴ መጀመሪያ ከፈትነው። በየኢንተርኔት ቤቱና ሶፍትዌሩ ባለባቸው ሱቆች በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አስለጠፍን። «የአልሚዎች ማኅበር ምዝገባ ተጀምሯል» ይላል፤ አድራሻውም ከሥር አለ።

ያን ዘመን ያላየ አንባቢ ካለ ነገሩን ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ሥራ የሌለው ወጣት ሁሉ በማኅበር ተደራጅ ይባል ነበር። ተደራጅቶ የተመዘገበ ማኅበር የመሥሪያ ቦታ፣ እኛ ሼድ የምንለውን የቆርቆሮ ዳስ፣ ብድርም ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። «አልሚ» ደግሞ በዜናም በስብሰባም የሚነሣ ቃል ነበር፤ ትርጉሙም መሬት ወስዶ የሚያለማ ሰው ነው። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ አድርገን፣ «ምዝገባ ተጀምሯል» ብለን፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ ለጠፍን።

በመጀመሪያው ሳምንት የተመዝጋቢው ብዛት አስደሰተኝ። ለልጅቱ ደውዬ «አየሽ፣ ሰው ጥሩ ነገር ሲያገኝ ይመጣል» አልኋት። እርሷ ግን «መምህር፣ የጻፉትን አንብበዋል?» አለችኝ። አላነበብሁም ነበር። ቁጭ ብዬ አነበብሁ።

«እኔና አራት ጓደኞቼ በብሎኬት ሥራ ተደራጅተናል። ሼዱ የሚሰጠው ወልቂጤ ነው ወይስ ቡታጅራ?»

«ለዶሮ እርባታ የሚሆን ቦታ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። በዚህ በኩል ይፈጥናል ወይ?»

«የመስቃን ወረዳ ነዋሪ ነኝ። ሴቶች ቅድሚያ አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?»

ከእነዚህ መካከል የእኛ ባለሱቆች አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ነበር። የአገናው ባለመድኃኒት ቤት ስለ ማተሚያው ጻፈ፤ ወዲያው ከሥሩ አንዱ «ወንድም፣ ማተሚያ ቤት ለመክፈት መጀመሪያ መደራጀት አለብህ» ብሎ መከረው። ባለመድኃኒት ቤቱ ተስፋ ቆርጦ ለልጅቱ ደወለ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሼድ ፈላጊዎች የሠሩት ሥራ ሁሉ እኔ በጥናቴ ላይ ያለምሁት ነበር። አንዱ ይጠይቃል፤ ያለፈበት ሌላው በትዕግሥት ይመልሳል። ያው ጥያቄ ዳግም ሲመጣ «ከላይ ተመልሷል፣ ይፈልጉ» ይባላል። ለየሥራው ዓይነት ክፍል እንድንከፍትላቸው በትሕትና ጠየቁን። የትኛው ወረዳ የትኛውን ወረቀት እንደሚጠይቅ እያረሙ፣ አንዱ የአንዱን ስሕተት ያለ ይሉኝታ እያስተካከሉ ይጽፉ ነበር። የመረጥሁት ሥፍራ በትክክል ሠራ፤ የሠራው ለሌላ ሰው ነው። እኛ ማንንም ሼድ ልንሰጥ አንችልም ብዬ በጉልህ ለጠፍሁ። አንዱ ከሥሩ «ሁልጊዜ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት፤ ተስፋ አትቁረጡ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎች አመሰገኑት።

በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጉዳዩ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጣ። ወጣት፣ ትሑት፣ ጫማው ላይ ጭቃ ስላለ ምንጣፉን ላለመርገጥ በር ላይ ሊቀመጥ የቃጣ ሰው ነበር።

«አባቴ፣ ይህ ማኅበር የት ነው የተመዘገበው?»

«ማኅበር አይደለም። ድረ ገጽ ነው።»

«ስሙ ግን ማኅበር ይላል።»

«ይላል።»

«አልሚዎቹስ?»

«እነርሱ አልሚዎች ናቸው።»

«ምን ያለማሉ?»

«ሶፍትዌር።»

«ቦታው የት ነው?»

«ቦታ የለውም።»

«አባቴ፣ ለእኔ ገብቶኛል። እኔም ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ። አለቃዬ ግን እኔ እንደገባኝ አይገባውም። ቦታ የሌለው አልሚ አገኘሁ ብዬ ብነግረው እኔኑ ነው የሚጠረጥረኝ።» ከዚያ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ምዝገባውንም ጽሑፉንም ብናቆመው እንደሚሻል ነገረኝ። ሰው ሼድ አለ ብሎ ጽሕፈት ቤቱን እያጨናነቀው መሆኑንም ጨመረ።

«ስሙን ዛሬውኑ ብንቀይረውስ?»

«አሁን ቢቀይሩት የሸሹ ያስመስልብዎታል። ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ አባቴ።»

በዚያ ዘመን ምክርና ትእዛዝ የሚለዩበትን ቦታ አውቀዋለሁ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ይልቅ ደፋር ሰው ነው። ቡታጅራ ደወልሁ። ዝርዝሩን ሳስረዳት ልጅቱ አላቋረጠችኝም።

«እስኪጣራ ማለት መቼ ማለት ነው?» አለች።

«አልነገረኝም።»

«ዓረፋ ደረሰ እኮ፣ መምህር።»

በእኔ ትውስታ ከዚህ ቀጥሎ «እሺ፣ ይሁን» ብላለች። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ግን ምንም አላለችም፣ ስልኩ ተቋርጦ ነው ይላል። ብቻ በዚያው ዕለት ፎረሙ ተዘጋ። የሚገባ ሁሉ የሚያየው አንድ መልእክት ሆነ፤ «ለጊዜው ተዘግቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት ነበር። የልጅቱ ሶፍትዌር የተሠራው ጳጉሜን አምስት በነበረችባቸው ዓመታት መካከል ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀኑን ሳይሳሳት ቆጥሯል። ስድስተኛዋን ቀን ግን አያውቃትም። የዋዜማው ዕለት፣ ሰው ሁሉ ለበዓል በሚገበይበት ቀን፣ ባለሱቆች ማሽናቸውን ሲከፍቱ «የተሳሳተ ቀን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣባቸው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ክኒን እንኳ አልሸጥም አለ። ከቡኢ እስከ ወልቂጤ ያለው ሱቅ ሁሉ በአንድ ጠዋት ቆመ። ልጅቱ ያን ቀን ስልክ ስታነሣ ዋለች። የምትናገረው ያው አንድ ነገር ነበር፤ «የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ትናንት መልሱት፣ ለዛሬ በዚያ ሥሩ፣ ነገ አስተካክላለሁ።» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው። ከሰዓት በኋላ ስደውልላት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ በሹክሹክታ «መምህር፣ መስመር ይልቀቁልኝ» አለችኝ።

ከበዓሉ በኋላ ቡኢ የሚሠራ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ወልቂጤ መጥቶ አገኘኝ። ከጓደኛው ሱቅ ሶፍትዌሩን አይቶ፣ ወዶት፣ አሠራሩን ሲመረምር የጳጉሜንን ጉድለት ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ አይቶት ነበር።

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ዝም አላልኩም፤ ልጽፍ ገባሁ። ‘ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን’ አለኝ።» ፈገግ አለ። «እኔም ታገሥኩ።»

ስልኳን አያውቅም፤ ማንነቷንም አያውቅም። አንድ ሰው የማያውቀውን ሰው ስሕተት አይቶ የሚነግርበት ሥፍራ፣ ያ ነበር የፈለግነው። እርሱን ነበር ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ የመረጥሁት። ልጁ ከሄደ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ መሳደቤን ባለቤቴ ነግራኛለች፤ እኔ አላስታውሰውም።

ለዓረፋ ወንድምየው ሳይወስዳት ላነጋግረው ብዬ በአዲስ አበባ ዞሬ ቡታጅራ ገባሁ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ከመርካቶ የመጣ ዘመድ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ገባሁ፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ አባታችን» ብሎ ወንድምየው ራሱ ተነሥቶ ቦታ ሰጠኝ። ለእኔ ቆጮና አይብ ለብቻ ቀረበልኝ። በክፋት የማስበው ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ አልሆነም። እህቱ ጎን ተቀምጦ፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትሪውን ወደ እርሷ ያስጠጋ ነበር፤ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ በሌላው እንድትበላ።

ነገሩን አስረዳሁት። ሥፍራው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ የጳጉሜኑን ነገር ከቡኢ አንድ ሰው አስቀድሞ አይቶት እንደነበር፣ ሥፍራው ክፍት ቢሆን ኖሮ አንድም ስልክ እንደማይደወል። በጥሞና ሰማኝ።

«በጣም ጥሩ ነገር ነው» አለ። «መቼ ይከፈታል?»

«እየተጣራ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ አድራሻውን ከፈተና መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበው። «በጣም ትሑት ነው» አለ። የቀልድ ይሁን የምር አለየሁም፤ ዘመዶቹ ግን ሳቁ።

«አባታችን፣ በቁጣ እንዳይወስዱብኝ» አለ ቀጥሎ። «እኔ ኢንተርኔቱን አልጠላሁም። እህቴ ግን በዓል ቀን እንኳ ስልክ ላይ ናት። እዚያ ሁለት ልጆች እቀጥርላታለሁ፤ እነርሱ ያነሡላታል። እዚህ ልቅጠር ብላት የተማረ ሁሉ ሄዷል፤ ማንን እቀጥራለሁ? ኢንሻአላህ የእርስዎ ነገር ሲከፈት ትመለሳለች።»

«ስድስት ወር ይስጣት።»

«ስድስት ወር ልስጣት፤ ይከፈታል ይበሉኝና።»

ሁሉም እኔን ያዩኝ ነበር። ይከፈታል ብል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ነገር ግን የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ መናገር አልሆነልኝም። «ተስፋ አለኝ» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሱ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ተሰማኝ።

ልጅቱ እስከዚያ ድረስ ከእናቷ ጋር በእነርሱ ጉራጊኛ ስትነጋገር ነበር፤ እኔ የምናገረው የሰባት ቤት ጉራጊኛ ከእነርሱው ስለሚራራቅ ብዙውን አልያዝሁትም። ስልኳ ጮኸ። አላነሣችውም፤ እስኪያቆም ድረስ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል፣ «እሄዳለሁ» አለች። ወንድምየው «አልሐምዱሊላህ» አለ። እናቲቱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት ውስጥ ይመስለኛል ባለሙያው ደወለልኝ። «አባቴ፣ ተጣርቷል። ምንም ችግር የለውም፤ ይቀጥሉ» አለኝ። ምን እንደተጣራ ጠየቅሁት፤ እርሱም በትክክል አያውቅም። ስሙን «የፕሮግራመሮች ፎረም» አልነውና ከፈትነው። ቀድመው የተመለሱት ሼድ ፈላጊዎቹ ነበሩ፤ ስም መቀየሩ ነገሩ እየገፋ መሆኑን አመለከታቸው። የእኛ ባለሱቆች አልመጡም። የለመዱት ስልክ አላቸው፤ አሁን ደግሞ ከበፊቱ ቶሎ ይነሣል። ባልደረባዬ ሰርቨሩን ለማጥፋት ፈቃዴን ሲጠይቀኝ «እንደፈለግህ» አልሁት፤ መቼ እንዳጠፋው አላውቅም።

በበጋው ወራት ለሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶ ጎበኘኋት። ክፍሏ ሕንፃው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ልጆች የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል፤ እርሷ ከመስኮቱ አጠገብ ኮድ ትጽፋለች። ጠቆር ብላ የነበረች ልጅ ቀልታለች፤ በደንብ እንደምትበላ ያስታውቃል። ጳጉሜንን አስተካክላ፣ ሶፍትዌሩን ወደ ሌሎች ከተሞችም አስፋፍታለች። ለእርሷ መልካም ሆነላት ለማለት ስዘጋጅ ስልክ ጮኸ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ አነሣችና «አንቺኑ ነው የሚፈልጉት» ብላ ሰጠቻት።

የቡታጅራ ባለመለዋወጫ ነበር። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ማሽኑ ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብላ ብታይለት እንደሚወድ ይነግራታል።

«ዛሬ አይመቸኝም» አለችው። «እስቲ መጀመሪያ አጥፍተህ አብራው። ካልሆነ የእነ እንትናን ልጅ እልክልሃለሁ።»

ስልኩን ዘጋች።

«አያውቅም እንዴ?» አልኋት።

«ምኑን?»

«እዚህ መሆንሽን።»

«አልጠየቀኝም። አብዛኞቹ አይጠይቁኝም፤ ቡታጅራ ያለሁ ነው የሚመስላቸው።»

«ለምን አትነግሪያቸውም?»

ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰች። «ብነግራቸው ሄድኩ ማለት ነዋ፣ መምህር» አለች፤ ስልኩም እንደገና ጮኸ።